ዶሮዋ ያለችበት ትምህርት

ጭሮ ከተማ ውስጥ ከምሳ በኋላ የማይሠራ ነገር የለም። ፋብሪካ ይተከላል፣ ድልድይ ይዘረጋል፣ ቦርደዴ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ይከፈታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በርጫ ላይ፣ ጫት እየተቃመ ፍራሽ ላይ ጋደም ተብሎ ነው፤ ጫቱ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይፈጥናል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ፋብሪካውም ድልድዩም አብረው ይወርዳሉ፤ ጠዋት ስለ እነሱ መጠየቅ ነውር ነው። እኔ እንቁ እባላለሁ፤ ጫት አልቅምም፣ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። እዚህ ከተማ ተወልጄ ስላደግኩ ይህን ነገር ለምጄዋለሁ ብዬ አስብ ነበር። የጋሽ ህሩይ ዌብሳይት ግን ምርቃና ላይ ተወልዶ ጠዋት ሳይሞት የቀረ የመጀመሪያው ነገር ሆነ፤ መከራችንም ከዚያ ጀመረ።

ጋሽ ህሩይ እኔንና ካሚልን ሒሳብ ያስተማሩን ሰው ናቸው። ካሚል አብሮ አደጌ ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው በከፈቱት ሱቅ አሁን እሱ ስልክና ቻርጀር ይሸጥበታል። ጋሽ ህሩይ ሲያስተምሩ ድምፃቸው ግድግዳ ያልፍ ስለነበር የጎረቤት ክፍል ተማሪዎች የራሳቸውን መምህር ትተው የእሳቸውን ይጽፉ ነበር ይባላል። ተማሪ ሲረብሽ ግን አይጮኹም። በጠመኔው ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ ይመቱታል፤ ጠቅ፣ ጠቅ። ያኔ ዝንብ ስትበር እንኳ ይሰማል።

ጡረታ በወጡ በዓመታቸው ጉሮሯቸው ላይ እብጠት ተገኘ። አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳኑ፣ ድምፃቸው ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ሊጠይቃቸው ሰው ሲመጣ ወደ ጓዳ መግባት ጀመሩ። ዕድሜ ልካቸውን የለበሱት ነጭ ጋዋን በር ጀርባ ተሰቅሎ አቧራ ጠጣ። ባለቤታቸው እትዬ አጸደ አንድ ቀን ገበያ መሐል እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ ሰውየው ከበሽታው ድኖ በዝምታው ሊሞትብኝ ነው» አሉኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ አልደብቅም።

ሰሌዳውን ያመጣው ካሚል ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሲታደስ የተጣለ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ ጥቁር ሰሌዳ በጋሪ አስጭኖ መጣና የጋሼ በረንዳ ላይ ግድግዳ አስደግፈን አቆምነው። መጀመሪያ ዞር ብለውም አላዩትም። ቡናችንን ጠጥተን ልንወጣ ስንል ግን ተነሱና ጠመኔ አንስተው አንድ ኢኩዌሽን ጻፉ። ከስሩ ማብራሪያውን በአማርኛ፣ ከዚያ ስር ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ጻፉ፤ ሁለቱንም እኩል ነው የሚያውቁት። ሰሌዳው ሲሞላ ወደ እኔ ዞረው ድሮ «ገባሽ?» ሲሉኝ በሚያዩኝ ዓይን አዩኝ። አልገባኝም ነበር፤ ሒሳብ ድሮም አይገባኝም። ግን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ዌብሳይቱን ያሰቡት ካሚልና የበርጫ ጓደኞቹ ናቸው። እኔ የተጠራሁት ባለሙያ ተብዬ ነው። ስደርስ ነገሩ አልቆ ነበር፦ የጋሼ ትምህርት ፎቶ እየተነሳ ዌብሳይት ላይ ይወጣል፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚወስድ ተማሪ በሙሉ ያየዋል። በምዕራብ ሐረርጌ ጀምረው ኢትዮጵያን ሸፍነው ሲያበቁ፣ እኔ ከመቀመጤ በፊት ኬንያ ገብተዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ያናደደኝ ሰርቨሩ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ክላውድ ሰርቨር ማለት ሌላ አገር የተቀመጠ፣ ሌት ተቀን የማይጠፋ፣ በወር የሚከራዩት ኮምፒውተር ነው። ቤት እንደመከራየት ነው፤ ከአንድ ክፍል እስከ ሙሉ ግቢ አለ፣ ኪራዩም እንደዚያው። ጥቂት ፎቶና ጽሑፍ ለሚያሳይ ዌብሳይት በጣም ትንሹ ይበቃል። ይህን ነገርኳቸው፤ ካሚል ግን ከዝርዝሩ ግርጌ ያለውን፣ ባንክ የሚያንቀሳቅስ ግዙፍ ማሽን መርጦ ጨርሷል።

«አቦ እንቁ፣ አንቺ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሹን ነው የምታስቢው» አለኝ። «ጋሼን የሚያህል ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ልናስገባ ነው?»

ዙሪያውን የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ድምፅ አይሆንም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ በነጻ ናቸው፤ ከነጻ ጋር ማን ይከራከራል? ካሚል ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ኢሜይል እዚያው ፍራሹ ላይ ከፈተ፣ ዱባይ የሚነግደው ታላቅ ወንድሙ መስዑድ የባንክ ካርዱን ቁጥር በስልክ ላከለት፣ ማሽኑ ተከራየ። ተናድጄ ወጣሁ። በነጋታው ጠዋት ካሚል ሱቅ ስሄድ ግን ሰርቨሩ እውነት ሆኖ ጠበቀኝ። ዌብሳይቱን ሠራሁት፤ ምን አደርጋለሁ።

ጋሽ ህሩይ ጋዋናቸውን ከበር ጀርባ አወረዱ። እትዬ አጸደ አጥበው ተኮሱላቸው። ጠዋት ጠዋት ጺማቸውን ተላጭተው፣ የትምህርት ቤት ደወል የተደወለ ይመስል በሰዓቱ በረንዳው ላይ ይቆማሉ። አንዴ ካሳየኋቸው በኋላ ፎቶውንም ራሳቸው አንስተው ራሳቸው ይለጥፉት ጀመር። ፎቶ ማንሳት ግን አይሆንላቸውም። ከሰሌዳው ጋር ግማሹ በረንዳ ይገባል፦ የእትዬ አጸደ ቀይ ባልዲ፣ ለፀሐይ የተዘረጋ ጃንጥላ። አንዲት ገብስማ ዶሮ ደግሞ ፎቶ ሲነሳ አትቀርም። ዳር ዳሩን እንዲቆርጡት አስረድቻቸው ነበር፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በማግሥቱ ዶሮዋ ተመልሳ መጣች። ስልካቸው በፎቶ ሲሞላ ካሚል፣ ሰርቨር ላይ የወጣ ነገር መቼም አይጠፋም፣ ከስልኩ ላይ ይሰርዙት አላቸው፤ ሰረዙት። ሰሌዳውንማ በየቀኑ ነው የሚያጠፉት።

አንድ ነገር ብቻ ያሳዝናቸው ነበር። ከገጹ ግርጌ በቀን ስንት ሰው እንደገባ የሚያሳይ ቆጣሪ አድርጌ ነበር፤ ማታ ማታ እሱን ያያሉ። ቁጥሩ ከአሥር እምብዛም አያልፍም፣ ከነሱም እኔና ካሚል አለንበት። ያ ባንክ የሚያንቀሳቅስ ማሽን ቀኑን ሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እስኪለመድ ነው እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም በነጋታው ጠመኔያቸውን ያነሳሉ። ሰሌዳውን እንደ ድሮው ሁለት ጊዜ ሲመቱት ግን አይቼ አላውቅም። ማንን ዝም ሊያሰኙ?

ከገና በኋላ አንድ ጠዋት ዌብሳይቱ አልከፍት አለ። ፈልፍለን ስናገኘው ነገሩ እንዲህ ነው፦ ነጻዎቹ ወራት አልቀው ማሽኑ ኪራዩን ከመስዑድ ካርድ ላይ ወስዷል። መስዑድ ገንዘቡ ሲጎድል ተሰረቅኩ ብሎ ካርዱን አዘጋ። አከራዩ ድርጅት ማስጠንቀቂያ ልኳል፣ ደጋግሞም ልኳል፤ ማስጠንቀቂያው ግን የሚሄደው ካሚል ፍራሽ ላይ ወደ ከፈተው ኢሜይል ነው። ያን ኢሜይል ከዚያ ወዲህ ያየው የለም፤ የይለፍ ቃሉም ከምርቃናው ጋር ወርዷል። ጻፍንላቸው፤ ወዲያው በትሕትና መለሱልን። ቀነ ገደቡ አልፏል፣ ማሽኑ በውስጡ ካለው ሁሉ ጋር ተሰርዟል፣ ቅጂ የለም። እኔ ለምን ቅጂ እንዳልያዝኩ ብትጠይቁኝ፣ ማሽኑ የካሚል ነው ብዬ አኩርፌ ነበር። ጋሼ ከመስከረም ጀምሮ የጻፉት በሙሉ የትም አልነበረም ማለት ነው።

የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ካሚል የግቢው በር ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። ጋዋናቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ነበሩ፤ የትናንቱን ትምህርት ተከታይ ጀምረው ሰሌዳውን ግማሽ አድርሰውታል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ሰሌዳው ጥግ ላይ ክፍት ቦታ ፈልገው ጻፉ፦ «ስንት ሰው ያየው ነበር?»

ያውቁታል፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከስሩ ጨመሩበት፦ «እንግዲህ ብዙ አልጠፋም።»

ሁለቱን መስመሮች በእጃቸው አበሱ። የጀመሩትን ትምህርት ግን ሳያጠፉም ሳይጨርሱም ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውት፣ ጋዋኑን አውልቀው ወደ ጓዳ ገቡ። እትዬ አጸደ አልተቆጡንም፤ ቢቆጡን ይሻል ነበር።

በሚቀጥሉት ቀናት ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ፊታቸውን ሳላይ ተመለስኩ። እህል እንኳ በግድ ነው የሚቀምሱት አሉኝ እትዬ አጸደ። ካሚል ደግሞ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ሆኖ ይደውልልኛል፦ ሁሉንም አዲስ እናደርገዋለን፣ ኪራዩን ዕድሜ ልኬን እኔ ነኝ የምከፍለው፣ ወላሂ።

«ጠዋት ሱቅህን ስትከፍት ድገመውና አምንሃለሁ» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁበት።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ኮሌጁ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የጫት ሀራራው ፊቱን አጨማዶታል፣ ዓይኑ ቀልቷል፤ የትናንቱን ቃል በቃል ደገመልኝ። ካሚል የከሰዓትን ነገር ጠዋት ሲደግም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው፤ እዚያው ታረቅሁት። ግን ሰርቨር ብንከራይስ ምን ልናስቀምጥበት? ትምህርቱ የለም፣ አስተማሪው ጠመኔ አይነኩም።

መፍትሔውን ያመጣው ሙሜ ነው። ሙሜ ከመቻራ በገለምሶ በኩል ጭሮ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል፤ ካሚል ሱቅ ቻርጀር ሊገዛ ገብቶ ወሬያችንን ሰማ።

«ጥቁር ሰሌዳ፣ ዶሮ ያለችበት ነገር ነው የምትሉት?» አለ። «እሱማ የሁሉም ልጅ ስልክ ላይ አለ። መኪናዬ ውስጥ ሲቀባበሉት ነው የሚውሉት።»

አላመንኩትም። ቅዳሜ ዕለት ከጎኑ ተቀምጬ ሄድኩ። ገለምሶ መናኸሪያ ሳንደርስ ከኋላ ወንበር ሁለት ተማሪዎች ስልካቸውን አቀበሉኝ፤ የእትዬ አጸደ ቀይ ባልዲ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከገለምሶ በኋላ ያለውን መንገድ መንገድ ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ራሴ ጣሪያውን ስንት ጊዜ እንደመታ አልቆጠርኩም፣ ደስታዬ ግን አልወረደም። መቻራ ስንደርስ ሙሜ ነስሪን የምትባል ልጅ ቤት አወረደኝ። አምና ፈተናውን ወድቃ ዘንድሮ በግል ለመፈተን የምታጠና ናት፤ ግቢያቸው ውስጥ የተሰጣ ቡና እያገላበጠች አገኘኋት።

ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ናት። መቻራ ላይ ኔትወርኩ ሲፈልግ ነው የሚመጣው፣ ዳታም ውድ ነው። ስለዚህ ነስሪን ለአባቷ ጉዳይ ጭሮ በመጣች ቁጥር ካሚል ሱቅ ደጃፍ ቆማ በዋይፋዩ አዲሶቹን ትምህርቶች ስልኳ ላይ ታስቀምጣለች። ስትመለስ መኪና ውስጥ ለገለምሶ ልጆች ያለ ኢንተርኔት፣ ከስልክ ወደ ስልክ ትሰጣለች፤ መቻራ ስትገባ ለጓደኞቿ፣ እነሱም ለሌሎች። አንዷ ቦርደዴ ዘመድ ስላላት እዚያም ደርሷል። ቆጣሪዬ ይህን ሁሉ ሰው አንድ ብሎ ነው የቆጠረው።

ያሳቀኝም ያስለቀሰኝም ትምህርቶቹን የሚጠሩበት ስም ነው። ኳድራቲክ ኢኩዌሽን የሚል የለም፤ «ዶሮዋ ያለችበት» ነው። ሊሚት «ቀይ ባልዲው»፣ ፕሮባቢሊቲ «ጃንጥላው» ነው። አንዱ ጎረምሳ ዶሮዋ ዞራ የቆመችበት አልገባኝም ብሎ ሲያማርር፣ ጓደኛው መጀመሪያ ጥሬ የምትለቅምበትን አጥና ብሎ መከረው፤ ሁለቱም እየቀለዱ አልነበረም። ዌብሳይቱ ከመጥፋቱ አንድ ቀን በፊት ነስሪን ጭሮ ስለነበረች የመጨረሻው ትምህርት እንኳ አላመለጣትም። ሁሉንም ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኩ፤ የጎደለ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ሰርቨሩን የተከራየነው ጠዋት፣ ካሚል ሱቅ ባንኮኒ ላይ ላፕቶፕ ከፍተን ነው። ከዝርዝሩ ራስ ላይ ያለውን ትንሹን መረጥን። የወር ኪራዩን የካሚል የሁለት ቀን ጫት ይችለዋል፤ ሰኞና ሐሙስ አልቅምም አለ፣ ይህንንም ያለው ጠዋት ነው። ከዚያ ፎቶዎቹን አሳነስኳቸው። ጥቁር ሰሌዳና ነጭ ጠመኔ ብዙ አይጠይቅም፤ አንዱ ትምህርት ከአንድ አጭር የድምፅ መልእክት ያነሰ ሆነ፣ የመቻራው ኔትወርክም አያንገራግርበትም። ሁሉን ባንዴ የሚያወርድ ቁልፍ አስገባሁበት፣ ከስልክ ወደ ስልክ ማለፍ እንዲቀለው። ቅጂው እኔ ጋ፣ ካሚል ጋና ነስሪን ጋ ይቀመጣል፤ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ ለሦስታችንም ይመጣል። ቆጣሪውን አነሳሁት። ዶሮዋን አልቆረጥኳትም።

የቀረው ጋሼ ነበሩ። ያለ እሳቸው ዌብሳይቱ የሞተ ሰው ፎቶ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ለካሚልም ነግሬዋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሜ ነስሪንን ይዟት መጣና አራታችን አብረን ሄድን። ጋሼ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ሲያዩን እንደልማዳቸው ወደ ጓዳ ሊገቡ ተነሱ። ነስሪን ቀድማቸው ደረጃውን ወጣች። አማርኛዋ የትምህርት ቤት ነው፤ አንተና እርስዎን አትለይም። በአፋን ኦሮሞ መምህር ስትል ጠራቻቸው።

«በርሲሳ፣ ጃንጥላው ላይ ነገ እንቀጥላለን ብለህ ጻፍክ» አለቻቸው። «ያ ነገ ግን አልመጣም። እኛ ፈተና ደርሶብናል።»

እትዬ አጸደ ልጅቷ ባላቸውን አንተ ስትል ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። ጋሼ ግን ቆመው ቀሩ። ነስሪን ስልኳን እጃቸው ላይ አኖረችው፤ የራሳቸውን ጽሑፍ አንድ በአንድ እያለፉ አዩት። እኔ መንገዱን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ከካሚል ሱቅ ደጃፍ ጀምሬ። ነስሪን ደግሞ በዶሮዋ የተማረውን፣ በባልዲው የተማረችውን በስም በስም ጠራችላቸው፤ ከመቻራ ተነስታ ገለምሶን አልፋ ቦርደዴ ስትደርስ ጋሼ ቁጭ አሉ። አለቀሱ። ድምፅ ስለሌላቸው ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። እኔም አለቀስኩ፣ ካሚልም፤ ሙሜ ተሳፋሪ እየጠበቀው መሆኑን ረስቶ ቆሟል።

ሲረጋጉ ተነስተው ጋዋናቸውን ከበር ጀርባ አወረዱ። ካሚልና ሙሜ ሰሌዳውን ከግድግዳው አዞሩት። ያ ግማሽ ትምህርት ሳይጠፋ እዚያው ነበር፤ ትንሽ አቧራ ብቻ ይዞታል። ነስሪን ቀይ ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ጋሼ ካቆሙበት መስመር ቀጠሉ፤ በአማርኛ፣ ከስሩ በአፋን ኦሮሞ፣ እስከ ሰሌዳው ግርጌ። ነስሪን የፈተና ሰሞን ፊት ይዛ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከተላቸዋለች።

ሰሌዳው ሲሞላ ፎቶውን እንዳነሳ ስልካቸውን ለእኔ ሰጡኝ። በዚህ ጊዜ እንኳ አሳምሬ ላነሳው አሰብኩ። ገብስማዋ ዶሮ ግን መሐል ገባች። እኔ እሽ እሽ እያልኩ ላባርራት ተንደረደርኩ፣ ሙሜ ተዪያት ብሎ ጮኸ፣ ካሚል ሳቀ፣ እትዬ አጸደ ባልዲያቸው ይመለስላቸው ዘንድ መናገር ጀመሩ፣ በረንዳው ተንጫጫ።

ጠቅ፣ ጠቅ።

ሁላችንም ዝም አልን። ጋሽ ህሩይ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እንዳስደገፉ መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ቀጥለው ዶሮዋን። ገባኝ። ወደ ቦታዬ ተመለስኩ፤ ዶሮዋ መጥታ ሰሌዳው ስር እስክትቆም ጠብቄ ፎቶውን አነሳሁት።